የአያቴ ዕድሜና የአያቴ መሬት

ለትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል መጽሔት ታሪካዊ ጽሑፍ እንድናቀርብ በተጠየቅን ጊዜ አብዛኞቹ ጓደኞቼ የነገሥታትንና የጦር አለቆችን ታሪክ መረጡ። እኔ ግን በምሥራቅ ጎጃም በቢቸና አካባቢ ዘጠና ዓመት ያህል ኖረው በ2012 ዓ.ም. ስላረፉት ገበሬ አያቴ ለመጻፍ ፈለግሁ። አያቴ የልደት ወረቀት አልነበራቸውም፤ ዕድሜያቸውን የሚቈጥሩት በአገር ታሪክ ነበር።

«ጣሊያን ሲገባ ጥጃ ጠባቂ ነበርሁ» ይሉ ነበር፤ ይህ 1928 ዓ.ም. ነው። «ንጉሡ በኦሜድላ ሲመለሱ ግን ዕርፍ ለመጨበጥ ደርሼ ነበር።» ንጉሠ ነገሥቱ በኦሜድላ የገቡት ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. ስለ ሆነ፥ አያቴ በ1922 ዓ.ም. ገደማ እንደ ተወለዱ አስልቻለሁ።

ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ጉልበታቸው እስኪደክም ድረስ ከበሬ አልተለዩም። የጤፍ ማሳ ገመሳ፥ አይመሳ፥ ስልስ እየተባለ ዘር ከመቀበሉ በፊት አራት አምስት ጊዜ መታረስ አለበት። እኛ ተማሪዎች እንጀራውን እንጂ ይህን ምልልስ አናስበውም። አንድ በሬ የሞተበት ሰው ሲመጣ አያቴ መቀናጆ ይገቡ ነበር፤ አጨዳው በወንፈል ይፈጸማል። ከሴት አያቴ ጋራ ሰባት ልጆች አሳድገዋል።

ማታ እሳት ዳር ስንቀመጥ ግን ሌላ ሥራ ነበራቸው። የዘር ሐረግ ያስቈጥሩን ነበር። በአባት በኩል ስድስት ትውልድ፥ በእናት በኩል አምስት። አንድ ስም የዘለለ ልጅ ከመጀመሪያው እንዲጀምር ይደረጋል። እኔም እንቅልፌ እየመጣ ይህን ሁሉ የሽማግሌ ጉራ አድርጌ እቈጥረው ነበር።

ነገሩ የገባኝ ስለ ርስት ከተማርሁ በኋላ ነው። በጎጃም እንደ ሌላው የሰሜን አገር መሬት በርስት ይያዝ ነበር። ባለርስት የሚባለው ሰው በአባቱም ሆነ በእናቱ በኩል መሬቱን መጀመሪያ ካቀናው አባት መወለዱን ቈጥሮ ድርሻውን ይጠይቃል። ሴትም እንደ ወንድ ትወርሳለች፤ ሴት አያቴም ከእናታቸው ያገኙትን ማሳ ይዘው ነው የተዳሩት። ክርክር በተነሣ ጊዜ በዳኛና በሽማግሌ ፊት የሚቀርበው ማስረጃ ይኸው የስም ቈጠራ ነበር። አንዱን አባት የረሳ ሰው ማሳውን ሊያጣ ይችላል። ስለዚህ እኛ በየማታው የምናጠናው የመሬቱን ሰነድ ኖሯል!

በ1960 ዓ.ም. አሥራት ቀርቶ በምትኩ የእርሻ ገቢ ግብር እንዲከፈል በታወጀ ጊዜ የጎጃም ገበሬ በመሣሪያ የተነሣውም ከዚህ ጋራ የተያያዘ ነው። ብዙ ሰው ነገሩን የገንዘብ ጠብ ብቻ ያደርገዋል። በእኔ አስተያየት ግን ገበሬው ከብሩ ይልቅ የፈራው ገመዱን ነው፤ መሬቱ ከተለካ ርስትነቱ ይቀራል ብሎ ሠጋ። ጦር ዘመተ፥ አውሮፕላንም ታዘዘ። በመጨረሻ ጠቅላይ ገዢው ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴ ተነሡ፤ ውዝፉም ግብር ተማረ። አያቴ ጠመንጃቸውን ይዘው ጫካ ገብተው ነበር። ስለዚያ ጊዜ ግን ብንጠይቃቸው ወሬውን ወደ ከብት ይመልሱት ነበር።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሆነ። አንድ ቤተ ሰብ ከአሥር ሄክታር በላይ እንዳይዝ፥ መሬትም እንዳይሸጥና እንዳይለወጥ ተደነገገ። ጭሰኛ በበዛበት በደቡብ ዐዋጁ በእልልታ ሲቀበሉት፥ ባለርስቱ የጎጃም ገበሬ ግን በጥርጣሬ ተመለከተው። አያቴ የእያንዳንዱን ማሳ ድንበር ስለሚያውቁ በገበሬ ማኅበሩ የፍርድ ሸንጎ አባል ሆነው ተመረጡ።

ይህ ምርጫ በ1989 ዓ.ም. በአማራ ክልል መሬት እንደ ገና ሲደለደል ጎዳቸው። በደርግ ዘመን በማኅበር ሹመት የሠሩ ሰዎች «ቢሮክራት» ተብለው ከአራት ጥማድ፥ ማለት ከአንድ ሄክታር፥ በላይ እንዳይዙ ተደረገ። አያቴ ከአባታቸው የወረሱትን የወንዝ ዳር ማሳ አጡ። መሬቱ የደረሰው ግን መሬት ለሌላቸው ወጣቶች ነበር፤ ከነርሱም አንዱ የራሳቸው የእኅታቸው ልጅ ነው። ስለዚህ ለመራገም እንኳ አልተመቻቸውም። እኔም እስከ ዛሬ ፍርዱን ለመስጠት እቸገራለሁ።

ከ1995 ዓ.ም. ወዲህ የቀረው መሬት ተመዝግቦ የይዞታ ደብተር ተሰጣቸው። የሴት አያቴም ስምና ፎቶግራፍ ከእርሳቸው ጐን አለበት። ሰባተኛ ክፍል ሳለሁ አንድ ቀን ደብተሩን ከሣጥን አውጥተው «እስቲ አንብብልኝ» አሉኝ። የማሳውን ስፋት አነበብሁ፤ በምሥራቅ እገሌ፥ በምዕራብ መንገድ፥ በሰሜን እገሌ እያልሁ አዋሳኞቹን ጨረስሁ።

«አባቶቼስ የት አሉ?»

«እዚህ ላይ የሉም፥ አባባ።»

ጥቂት ዝም ብለው ቈዩና እርሳስና ወረቀት እንዳመጣ አዘዙኝ። እርሳቸው ቀስ ብለው እየቈጠሩ፥ እኔ እየጻፍሁ፥ አሥራ አንዱን ስም ጨረስን። ወረቀቱን ራሳቸው አጥፈው በደብተሩ መካከል አስገቡትና ሣጥኑን ቈለፉት።