የመቃብር ድንጋይ አንባቢዎች

ንጉሥ ኢዮስያስ በቤቴል የነበረውን መሠዊያ ሲያረክስ፣ በተራራው ላይ ካሉት መቃብሮች አጥንት እያስወጣ ያቃጥል ነበር። በዚህ መካከል ዓይኑ አንድ ምልክት ላይ ዐረፈና ምን እንደ ሆነ ጠየቀ። የከተማይቱ ሰዎችም ከይሁዳ መጥቶ በዚያ መሠዊያ ላይ የተናገረው የእግዚአብሔር ሰው መቃብር መሆኑን ነገሩት። ንጉሡ ማንም እንዳይነካው አዘዘ (2ኛ ነገ. 23፥16-18)። ነቢዩ ከሞተ 300 ዓመት ገደማ ሆኖት ነበር። ምልክቱ ቆሞ ባይገኝ ወይም የማን እንደ ሆነ የሚናገር ሰው ቢጠፋ ኖሮ፣ አጥንቱ ከሌሎቹ ጋር በተቃጠለ ነበር።

ዛሬ በብዙ አገሮች ያለ ክፍያ ይህንኑ የሚያደርጉ በጎ ፈቃደኞች አሉ። ከመቃብር ወደ መቃብር እየዞሩ በድንጋይ ላይ የተጻፈውን ያነባሉ፣ ፎቶ ያነሣሉ፣ ይመዘግባሉ። የቤተሰቡን ታሪክ የሚፈልግ ሰው የአያቱን ስም የሚያገኘው በእነርሱ ድካም ነው። እኛ ወንጌላውያን ለሞቱ ሰዎች አንጸልይም፤ ከእነርሱም ምልጃ አንለምንም። ታዲያ ይህ ሥራ ለእኛ ምን ይጠቅመናል? መልሱን ከስኮትላንድ የቤተ ክርስቲያን ታሪክ እንፈልገው። ከዚያ የምናገኘው ሰው አርኣያም ነው፤ ማስጠንቀቂያም ነው።

የቃል ኪዳኑ ሰዎች

በ1638 የስኮትላንድ አማኞች በኤድንበርግ ግሬይፍራየርስ ቤተ ክርስቲያን “ብሔራዊ ቃል ኪዳን” የተባለውን ሰነድ ፈረሙ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ንጉሡ በአምልኮና በቤተ ክርስቲያን አስተዳደር ላይ የወደደውን እንዳይጭን የሚቃወም ሰነድ ነበር። ከዚህ የተነሣ እነዚህ አማኞች “ኮቬናንተርስ”፣ ማለትም የቃል ኪዳኑ ሰዎች ተባሉ። ቻርልስ 2ኛ በ1660 ወደ ዙፋኑ ከተመለሰ በኋላ ጳጳሳት እንደገና ተሾሙ፤ ይህን ያልተቀበሉ በመቶ የሚቆጠሩ አገልጋዮችም ከአጥቢያቸው ተባረሩ። ሕዝቡ ግን እየተከተላቸው በሜዳና በኮረብታ ላይ ቃሉን ይሰማ ጀመር። ወታደሮች ያሳድዱት ነበር። የ1680ዎቹ ዓመታት በስኮትላንድ ታሪክ “የግድያው ዘመን” ተብለው ይጠራሉ።

በዊግታውን ከተማ የመቃብር ስፍራ የሁለት ሴቶች ድንጋዮች አሉ። ማርጋሬት ዊልሰን የ18 ዓመት ወጣት ነበረች፤ ማርጋሬት ማክላክላን ደግሞ ከ60 ዓመት በላይ የሆናት መበለት። በ1685 በባሕሩ ዳርቻ በእንጨት ላይ ታስረው፣ ውኃው እየሞላ ሲመጣ ሰጠሙ። ሌሎችም ብዙዎች በወደቁበት ሜዳ ተቀብረዋል። በኋላ ዘመን ምእመናን በእነዚህ መቃብሮች ላይ ድንጋይ አቆሙ። ነገር ግን የስኮትላንድ ዝናብና ውርጭ ድንጋይን ይበላል፤ ሽበትም ጽሑፉን ይሸፍነዋል።

ድንጋይ ጠራቢው

ሮበርት ፓተርሰን የተወለደው በ1716 ገደማ በሀዊክ አካባቢ ነው። ሙያው ድንጋይ መጥረብ ነበር። መዶሻውንና መሮውን ይዞ በነጭ ፈረሱ ላይ እየተቀመጠ በየገጠሩ ዞረ። የሰማዕታቱን ድንጋዮች ሽበት ይፍቃል፣ የደበዘዙትን ፊደሎች እንደገና ይቀርጻል፤ ለሥራውም ክፍያ አይጠይቅም። ይህን ለ40 ዓመታት ያህል አደረገ። ሰዎች “ኦልድ ሞርታሊቲ” ብለው ሰየሙት፤ “ሽማግሌው ሟችነት” እንደ ማለት ነው። ደራሲው ዋልተር ስኮት በወጣትነቱ በደኖተር የመቃብር ስፍራ ሲሠራ አይቶታል። በ1816 ባሳተመው ልብ ወለድም በዚሁ ቅጽል ስም ታዋቂ አደረገው።

ታሪኩ በዚህ ቢያበቃ ደስ ባለን ነበር። ስኮት በኋላ እንደ ጻፈው ግን ፓተርሰን ሚስቱን ኤልሳቤጥንና አምስት ልጆቹን በቤት ትቶ ነበር የሚዞረው። መጀመሪያ ለጥቂት ጊዜ ነበር፤ ኋላ ከናካቴው መመለሱን ተወ። ኤልሳቤጥ የ12 ዓመት ልጇን አባቱን እንዲፈልግ ላከችው። ልጁ አባቱን ያገኘው ከሰማዕታት መቃብር ላይ ሲሠራ ነው። ተለምኖም አልተመለሰም። ኤልሳቤጥ በባልማክለላን መንደር ትንሽ ትምህርት ቤት ከፍታ ልጆቿን አሳደገች።

ፓተርሰን በ1801 ሞተ። ስኮት ድንጋይ ሊያቆምለት አስቦ መቃብሩን ቢያፈላልግ አጣው። የሌሎችን ስም ሲያድን የኖረ ሰው የራሱ መቃብር ለብዙ ዓመታት ያለ ስም ቀረ። በኬርላቨሮክ የመታሰቢያ ድንጋይ የቆመለት በ1869 ነው።

በዚህ ሰው ላይ ለመፍረድ ወንበር ላይ አልተቀመጥንም። ነገር ግን ለሞቱት የሠራውን ስናደንቅ በሕይወት ያሉት የከፈሉትን ዋጋ መዝለል አንችልም። ጌታችን የነቢያትን መቃብር የሚሠሩትንና የጻድቃንን መቃብር የሚያስጌጡትን ጸሐፍትና ፈሪሳውያን ገሥጿቸዋል (ማቴ. 23፥29-31)፤ የሞተውን ነቢይ እያከበሩ በፊታቸው የቆመውን ይጠሉ ነበርና። ጳውሎስም ለቤተ ሰቡ የማያስብ ሰው ሃይማኖትን እንደ ካደ ይቆጥረዋል (1ኛ ጢሞ. 5፥8)።

ከመሮ ወደ መዝገብ

የፓተርሰን ሥራ በሌላ መልክ ቀጠለ። በስኮትላንድ ልደት፣ ጋብቻና ሞት በመንግሥት መመዝገብ የጀመረው በ1855 ነው። ከዚያ በፊት የነበሩት የአጥቢያ መዛግብት ጥምቀትንና ጋብቻን ይጽፉ እንጂ ቀብርን ብዙ ጊዜ ይዘሉት ነበር። ስለዚህ ለብዙ ሰዎች የሞታቸው ብቸኛ ምስክር ድንጋዩ ነው። ጆን እና ሺላ ሚቸል የተባሉ ባልና ሚስት በ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ከ1855 በፊት የቆሙትን ድንጋዮች በየአውራጃው እየዞሩ መመዝገብ ጀመሩ። የስኮትላንድ የትውልድ ሐረግ ማኅበርም መዝገቦቻቸውን አሳተመ። ሚስት በድንጋዩ ላይ በአባቷ ቤት ስም መጻፏ በዚያ አገር የተለመደ ስለ ሆነ፣ አንድ ድንጋይ የሁለት ቤተሰብ ፍለጋ ይከፍታል።

በ1995 “ፋይንድ ኤ ግሬቭ” የተባለው ድረ ገጽ በአሜሪካ ሲጀመር ሥራው ዓለም አቀፍ ሆነ። በ2011 የተጀመረው “ቢሊየን ግሬቭስ” ደግሞ ፎቶውን መቃብሩ ከሚገኝበት ትክክለኛ ቦታ ጋር ያያይዛል። የዛሬ በጎ ፈቃደኞች መሮ አይነኩም። ለስላሳ ብሩሽና ንጹሕ ውኃ ይበቃቸዋል፤ የሽቦ ብሩሽና በረኪና ድንጋዩን ይጎዱታልና። የደበዘዘ ፊደል የሚያነቡት ብርሃን ከጎን ሲያርፍበት ነው። የተጻፈውን እንዳለ ይገለብጣሉ፤ ስሕተት ቢመስላቸውም አያርሙም፤ ያልተነበበውንም ገምተው አይሞሉም። ለእውነት መጠንቀቅ በእንዲህ ዓይነት ትንሽ ነገር ይታያል።

እኛስ?

በአገራችን የቀደሙት ወንጌላውያን አማኞች በብዙ ስፍራ የቀብር ቦታ ተከልክለዋል። ከእርሻቸው ዳር ወይም ከመንደር ውጭ የተቀበሩ፣ ድንጋይ ያልቆመላቸው ብዙዎች ናቸው። የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ዋና ጸሐፊ የነበሩት ቄስ ጉዲና ቱምሳ በ1979 ታፍነው ሲገደሉ፣ የተቀበሩበት ስፍራ እስከ ደርግ ውድቀት ድረስ ለቤተሰባቸው አልተነገረም። አጽማቸው ተገኝቶ በክብር ያረፈው በ1992 ነው። መቃብሩ የማይታወቅ ሰው ቤተሰብ ምን ዓይነት ሸክም እንደሚሸከም በዚህ ዘመን ያለን ኢትዮጵያውያን ማብራሪያ አያሻንም።

ጳውሎስ መጨረሻ የሌለው የትውልድ ታሪክ ክርክርን እንደሚያመጣ አስጠንቅቋል (1ኛ ጢሞ. 1፥4)። ዘር እየቆጠሩ መታበይ ዛሬም አለ፤ በእኛም አገር ያመጣውን አይተናል። የዕብራውያን ጸሐፊ ግን ቃሉን የነገሩንን እንድናስብ፣ የኑሯቸውን ፍሬ ተመልክተን በእምነታቸው እንድንመስላቸው ያዝዛል (ዕብ. 13፥7)። የምንመዘግበው ለዚህ ነው። እግዚአብሔር የእርሱ የሆኑትን ያውቃል (2ኛ ጢሞ. 2፥19)፤ ድንጋይ የሌለው ቅዱስ በእርሱ ዘንድ አልጠፋም። የምንረሳው እኛ ነን፤ መዝገቡም ለእኛና ለልጆቻችን ነው።

ስለዚህ በየአጥቢያችን ያሉ ወጣቶች ይህን ሥራ ቢይዙት መልካም ነው። ከመቃብር ስፍራው ኃላፊዎችና ከቤተሰቡ ፈቃድ ይጠይቁ። ከተማ ሲሰፋ መቃብር ይነሣልና ፎቶውን ዛሬ ያንሡ። ስሙን ከነአባትና ከነአያት ይጻፉ፤ በእኛ አገር ሦስት ስም ሦስት ትውልድ ነው። ዓመቱ በኢትዮጵያ ይሁን በአውሮፓ አቆጣጠር ይግለጹ። ድንጋይ ለሌላቸው ደግሞ በቤቴል ከተማ ሰዎች ፈንታ የሚናገሩ አረጋውያን አሉን፤ ከመሞታቸው በፊት ይጠየቁ።

ግን ከመቃብሩ በፊት ወደ አረጋውያኑ ቤት እንሂድ። ቡና አፍልተን፣ ጎናቸው ተቀምጠን፣ የቤት ኪራያቸውና መድኃኒታቸው እንዴት እንደሆነም እንጠይቅ። የሞቱትን ቅዱሳን ስም ስንጽፍ፣ በሕይወት ያለችው ኤልሳቤጥ በራችን ላይ ቆማ እንዳትጠብቅ።

ጸጋ ይብዛላችሁ።