የመጀመሪያዋ እስስት
እኛ ዘንድ እስስት ሲባል ቶሎ የሚታወሰን አቋሙን የሚለዋውጥ ሰው ነው። ባህር ማዶ ግን ቤታቸው የሚያሳድጓት አሉ።

እ.ኤ.አ. በ1972 ከኬንያ ሃዋይ የገቡ ባለ ሦስት ቀንድ እስስቶች መንገዱ አጎሳቁሏቸው ነበር። አስመጪው እንዲያገግሙ ብሎ ግቢው ውስጥ ለቀቃቸው። እነሱም አምልጠው በየደሴቱ በዙ፤ ሌላ አገር የማይገኙ ነፍሳትና ቀንድ አውጣዎችን መብላት ያዙ። ኬንያም በ1981 እስስት ወደ ውጭ መላክን ከለከለች።

ዛሬ ለጀማሪ ብዙዎች የሚመክሩት በየመንና በሳዑዲ የምትገኘዋን፣ አናቷ ላይ ቆብ የመሰለ ጉብታ ያላትን ነው። በሰው እጅ በደንብ ስለምትፈለፈል ከዱር መያዝ የግድ አይደለም። እሷም ቢሆን ፍሎሪዳ ውስጥ አምልጣ ዱር ገብታለች።

እንግዲህ ከቀለሟ በፊት የት እንደተፈለፈለች ጠይቁ። ሲሰለቻችሁ ደጅ የምትለቋት ከሆነ ግን ከነጭራሹ ባትገዙ ይሻላል።