የመራጮች መዝገብና የቤተ ሰብ ታሪክ

የቤተ ሰቡን ታሪክ የሚመረምር ሰው አስቀድሞ የሚጠይቀው ሽማግሌዎችን ነው። ሽማግሌዎቹ ሲያልፉ ግን ወደ ጽሑፍ መሄድ ግድ ይሆናል። ከጽሑፎቹም አንዱ ለምርጫ የተዘጋጀው የመራጮች መዝገብ ነው። መዝገቡ የመራጩን ስም ከተመዘገበበት ስፍራ ጋር ስለሚያያይዝ፥ አንድ ዘመድ በምርጫው ዓመት ከየት አገር እንደ ተቈጠረ ያመለክታል። ይሁን እንጂ መዝገቡን ለብቻው ማንበብ ያሳስታል፤ አስቀድሞ ሕጉን መመርመር ያስፈልጋል። ለዚህም የኬንያ ታሪክ መልካም ምሳሌ ነው።

የኬንያ አፍሪካውያን ወደ ሕግ አውጪው ምክር ቤት እንደራሴዎቻቸውን ለመጀመሪያ ጊዜ በምርጫ የላኩት እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በማርች 1957 ነው። ከተመረጡት 8 ሰዎች መካከል ኦጊንጋ ኦዲንጋ፥ ዳንኤል አራፕ ሞይና ሮናልድ ንጋላ ቀደም ሲል መምህራን ነበሩ። የመምረጥ መብት ግን ለሁሉ አልተሰጠም ነበር። ዋልተር ኩትስ ባቀረበው ጥናት መሠረት፥ መራጭ የሚሆነው በትምህርቱ፥ በገቢው ወይም በንብረቱ፥ በአገልግሎቱ ወይም በሽምግልናው ተመዝኖ ነው፤ ብዙ መመዘኛ ያሟላ ሰው እስከ 3 ድምፅ ይሰጥ ነበር። ስለዚህ በዚያ መዝገብ የተገኘ ስም፥ ባለስሙ ከነዚህ መመዘኛዎች ቢያንስ አንዱን ማሟላቱን ይናገራል።

የታጣው ስም ደግሞ የበለጠ ጥንቃቄ ይሻል። በ1952 የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ከታወጀ በኋላ ኪኩዩ፥ ኤምቡና ሜሩ ለመመዝገብ የታማኝነት ማረጋገጫ ወረቀት ይጠየቁ ነበር። እንግዲህ የአያቱን ስም ከመዝገቡ ያጣ የልጅ ልጅ «አያቴ በዚያ አገር አልነበረም» ብሎ ቢፈርድ ሊሳሳት ይችላል፤ አያቱ በዚያው መንደር እያረሰ ሳለ መብቱን ተነፍጎ ይሆናል። መብቱ ለአካለ መጠን ለደረሰው ሕዝብ ሁሉ ደርሶ ምርጫ የተደረገው በሜይ 1963 ነው።

በመዝገቡ የተገኘውም ስም ቢሆን ከትምህርት ቤትና ከጥምቀት መዝገብ ጋር ይመሳከር፤ ሞክሼ ብዙ ነውና፥ ጸሐፊውም የሰማውን ስም እንደ መሰለው ይጽፋልና።

ይህ ለመምህራን ትልቅ ቁም ነገር አለው። ተማሪው መዝገብ በያዘ ጊዜ «ማን ተጻፈ?» ብቻ ሳይሆን «ማን እንዳይጻፍ ተከለከለ?» ብሎ መጠየቅን ከተማረ፥ ከቤተ ሰቡ ታሪክ አልፎ የአገሩን ታሪክ ማንበብ ጀመረ ማለት ነው።