የታካሚ ምርጫ፦ ከአንጀት ካንሰር ቀዶ ሕክምና በኋላ

የትልቁ አንጀት ካንሰር በቀዶ ሕክምና ከወጣ በኋላም ቀጠሮው አያልቅም። በየጥቂት ወሩ ሲኢኤ የሚባለው የደም ምርመራ፣ አልፎ አልፎ ሲቲ ስካን፣ ዓመት ሲሞላ ደግሞ ኮሎኖስኮፒ (ትልቁን አንጀት በካሜራ የሚያይ ምርመራ) ይታዘዛል። ይህን ሐኪሙም ታካሚውም «ክትትል» ይለዋል። በክትትሉ ውስጥ ገና ቦታ ያላገኘው ሌላ ሐሳብ ነው፤ እኔ «የታካሚ ምርጫ» እለዋለሁ። ታማሚው የእያንዳንዱን ምርመራ ጥቅምና ጫና ከተረዳ በኋላ ከኑሮው ጋር አመዛዝኖ «ለእኔ ይኼ ይሻለኛል» የሚለው ማለት ነው። «ፍላጎት» ያላልኩት ፍላጎት ሳይመዝኑም ስለሚኖር ነው። ከስምምነትም ይለያል፤ ስምምነት ሐኪሙ በወሰነው ላይ መፈረም ሲሆን ምርጫ የሚጠየቀው ከውሳኔው በፊት ነው።

ጥያቄው ከቅንጦት የመጣ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2018 ውጤቱ የታተመው ኮሎፎል የተባለ ጥናት በስዊድን፣ በዴንማርክና በኡራጓይ 2,509 ታካሚዎችን ለሁለት ከፍሎ ተከታትሏል። አንደኛው ቡድን በሦስት ዓመት ውስጥ አምስት ጊዜ፣ ሌላው ሁለት ጊዜ ብቻ በሲቲ ስካንና በሲኢኤ ተመረመረ። በአምስት ዓመት ውስጥ ከመጀመሪያው ቡድን 13 በመቶ፣ ከሁለተኛው 14.1 በመቶ ሞቱ፤ በስታቲስቲክስ ስሌት ይህ ልዩነት ነው አይባልም። ምርመራ ማብዛት ዕድሜ እንደሚጨምር ካልታየ፣ ስንት ጊዜ እንመርምር የሚለውን የሕክምና መጽሐፍ ብቻውን አይመልሰውም። ልብ በሉ፤ ጥናቱ ብዙን ከጥቂት ጋር አነጻጸረ እንጂ ክትትል ይቅር አላለም።

የምርመራው ጫና ምን እንደሚመስል አዲስ አበባ፣ ንፋስ ስልክ ላፍቶ ላይ ሆነን እንየው። ጀሞ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ የምትኖር እናት ኮሎኖስኮፒ ታዘዘላት እንበል። ቀደም ብላ ተልባና ሰሊጥ ትተዋለች፤ በዋዜማው ፈሳሽ ብቻ እየወሰደች አንጀት የሚያጥበውን መድኃኒት ትጠጣለች፤ ሌሊቱን ከመጸዳጃ ቤት አትርቅም። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር፣ ያ ሌሊት ተራው ካልሆነ፣ ጀሪካኖቹ ቀድመው መሞላት አለባቸው። ጠዋት ባዶ ሆዷን፣ ደክሟት፣ በታክሲ እስከ ሜክሲኮ፣ ከዚያ ወደ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል። ከሥራ ቀርቶ የሚያጅባት ልጅም ያስፈልጋል። ይህ ሁሉ በሐኪሙ ማዘዣ ላይ አይጻፍም፤ እሷ ግን ታውቀዋለች። እንዲያም ሆኖ «ውጤቱን ሳላይ እንቅልፍ አይወስደኝም» ብላ ምርመራው እንዲበዛላት ልትመርጥ ትችላለች። ሌላዋ ቀጠሮ በቀረበ ቁጥር ምግብ አልዋጥ ይላታል፤ ጥቂቱ ይሻላታል። ሁለቱም ልክ ናቸው።

የምርጫው ትልቁ እንቅፋት ግን ሌላ ቦታ ነው። ቤተሰብ ቀድሞ ገብቶ «ዶክተር፣ ካንሰር መሆኑን እንዳይነግሯት» ሲል እንሰማለን። ከፍቅር ነው፤ ይገባኛል። ግን በሽታዋን ያላወቀች ሰው ምን ብላ ትመርጣለች? የቀረው በሙሉ የልጆቿ ምርጫ ነው።

መምረጥ የሚፈልግ ታካሚ ለሐኪሙ በቅድሚያ የሚያቀርበው ጥያቄ «ካንሰሩ ቢመለስ ሁለተኛ ቀዶ ሕክምና እችላለሁ ወይ?» ነው። ወደ ጉበት የተዛመተ ዕጢ ቶሎ ከተገኘ አንዳንዴ ተቆርጦ ይወጣልና፣ የሲቲ ስካኑ ዋና ጥቅም እዚያ ላይ ነው። በሽታው አብዛኛውን ጊዜ የሚመለሰው በመጀመሪያዎቹ ሦስት ዓመታት ስለሆነ ጥያቄው ለሌላ ዓመት አይደር። ሰገራ ላይ ደም ከታየ ወይም ሰውነት ያለ ምክንያት ከከሳ ግን፣ የተመረጠው ክትትል ምንም ይሁን ምን፣ ቀጠሮ ሳይጠብቁ መሄድ ነው።