ሥርዓት በደም አይወረስም፦ ከሆላንድ ጎዳና ታሪክ

በስደት የምንኖር ኢትዮጵያውያን ስንሰባሰብ የአገር ቤት የትራፊክ ነገር ሳይነሣ አይቀርም። ከአዲስ አበባ የተመለሰው ያየውን ይተርካል፣ ሌላው ይቀበለዋል፤ በመጨረሻም አንዱ «ይሄ የባህል ጉዳይ ነው፤ ፈረንጅ እንደሆነ ሥርዓት በደሙ ውስጥ አለ» ብሎ ውይይቱን ይዘጋዋል። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ በሙያው መሐንዲስ ሲሆን፣ የሚኖረውም በሆላንድ አገር ደልፍት በምትባል ከተማ ነው። የከተማዋን ጎዳና በባዕድ ዓይን ለዓመታት ስመለከት፣ ከሰዎቹ ጨዋነት ይልቅ የገረመኝ ጨዋነቱ ከየት እንደመጣ የሚናገረው ታሪክ ነው። ታሪኩ ደግሞ ያንን አባባል አይደግፍም። (ካልተገለጸ በቀር ዘመኑ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

በመጀመሪያ የሚታየውን እንይ። ጠዋት አንዲት እናት አንዱን ልጇን ከፊት ሌላውን ከኋላ አስቀምጣ ብስክሌቷን እየነዳች ታልፋለች። ከረባት ያሰረ የቢሮ ሠራተኛ፣ ተማሪ፣ ሰባ ዓመት ያለፋቸው አዛውንት ይከተሏታል። ትራፊክ ፖሊስ አይታይም፤ ጥሩምባ የሚነፋም እምብዛም የለም። ለእንግዳ ሰው ይህ ሁሉ የሕዝቡ ጠባይ ይመስለዋል። ዝቅ ብሎ መሬቱን ላየ ግን ሌላ ነገር ይገለጥለታል። የብስክሌቱ መንገድ በቀይ አስፋልት ተለይቷል። የመኖሪያ ሰፈሩ መንገድ ጡብ የተነጠፈበትና ጠባብ ነው። ከዋናው መንገድ ወደ ሰፈር በሚገባበት ቦታ ብዙውን ጊዜ የእግረኛው መንገድ አይቋረጥም፤ መኪናው ጉብታውን ወጥቶ፣ በእግረኛው ንጣፍ ላይ አልፎ ይገባል። እዚያ ላይ እንግዳው ሾፌሩ ነው ማለት ነው። ሾፌሩ ቀስ የሚለው ከእኛ ሾፌር የተሻለ ሰው ስለሆነ ሳይሆን መንገዱ ስለማያስሮጠው ነው።

ለመሆኑ ይህ መንገድ ከጥንት ጀምሮ እንዲህ ነበር? አልነበረም። ሆላንዶች ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊትም ብስክሌት ነጂዎች ነበሩ። ከጦርነቱ በኋላ ግን ኢኮኖሚው ሲያንሰራራ መኪና የሥልጣኔ ምልክት ሆነ። በ1960 ግማሽ ሚሊዮን ገደማ የነበረው የመኪና ቁጥር በ1970 ሁለት ሚሊዮን ተኩል ገደማ ደረሰ። የብዙ ከተሞች አደባባይ የመኪና ማቆሚያ ሆነ። በ1967 ዴቪድ ጆኪነን የተባለ አሜሪካዊ የትራፊክ ባለሙያ፣ በአምስተርዳም የቆዩ ሰፈሮች ፈርሰው፣ የውሃ ቦይ ተደፍኖ አውራ ጎዳና እንዲዘረጋ ሐሳብ አቀረበ። ያ ሳይፈጸም ቀረ። በኡትሬክት ግን ከጥንታዊው የከተማዋ ቦይ ከፊሉ በ1970ዎቹ መጀመሪያ ላይ ደርቆ ጎዳና ሆነ። ይህንን ሁሉ ያቀዱት የተማሩ ባለሙያዎች እንደነበሩ ልብ ይሏል።

ዋጋው ብዙም ሳይቆይ መጣ። በ1971 ብቻ ወደ 3,300 የሚጠጋ ሰው በትራፊክ አደጋ ሞተ፤ ከእነዚህ መካከል ከ400 በላይ የሚሆኑት ሕፃናት ነበሩ። የአገሪቱ ሕዝብ በዚያን ጊዜ 13 ሚሊዮን ገደማ ነበር። እንግዲህ «ሥርዓት በደሙ ያለው» ሕዝብ ይኸው ነው።

ከሞቱት ሕፃናት አንዷ የጋዜጠኛው የቪክ ላንገንሆፍ ልጅ ነበረች። አባት በ1972 «ደ ታይድ» በተባለው ጋዜጣ ላይ «የሕፃናት ግድያ ይቁም» በሚል ርዕስ ጽሑፍ አወጡ። ርዕሱ የአንድ ንቅናቄ ስም ሆነ። ወላጆች አደጋ የሚበዛባቸውን ቦታዎች ያዙ፣ መንገድ ዘግተው ልጆቻቸውን አጫወቱበት፣ በብስክሌት ሰልፍ ወጡ። የንቅናቄው የመጀመሪያ ሊቀመንበር ማርቼ ፋን ፑተን ወጣት እናት ነበሩ፤ ኋላም የአውሮፓ ፓርላማ አባል ሆነዋል። በ1975 ደግሞ የብስክሌት ነጂዎች ማኅበር ተቋቋመ።

በዚህ መሐል፣ በ1973፣ የዓረብ አገሮች በሆላንድ ላይ የነዳጅ ማዕቀብ ጣሉ። የጠቅላይ ሚኒስትር ዮፕ ደን ኡይል መንግሥት ከኖቬምበር 4 ጀምሮ ለተወሰኑ ሳምንታት እሑድ እሑድ መኪና እንዳይነዳ ከለከለ። ሕዝቡ ባዶውን አውራ ጎዳና በእግሩና በብስክሌቱ አጥለቀለቀው። ያው የነዳጅ ቀውስ እኛም ዘንድ ደርሶ ነበር። የቤንዚን ዋጋ ጨመረ፤ በየካቲት 1966 ዓ.ም. በእኛ አቆጣጠር የአዲስ አበባ ታክሲ ነጂዎች አድማ መቱ፤ አድማው ከመምህራኑና ከወታደሩ ጥያቄ ጋር ተደርቦ አብዮቱን አመጣ። አንድ ቀውስ፣ ሁለት ታሪክ! እዚያ ወላጆች ተደራጅተው፣ ጽፈውና ድምፅ ሰጥተው መንግሥታቸውን ማስገደድ ይችሉ ነበር። እኛ ዘንድ ብሶት የሚገባበት በር ስላልነበረ ቤቱ ራሱ ፈረሰ፤ ተተኪው ደርግም በሩን ይበልጥ ጠረቀመው።

በሆላንድ የመሐንዲሱም ሥራ የተለወጠው ጩኸቱ ሲበረታ ነው። እዚሁ ደልፍት ውስጥ ዮስት ቫል የተባለ የማዘጋጃ ቤት መሐንዲስ የሰፈር መንገዶችን በዛፍ፣ በጉብታና በመታጠፊያ እያሰናከለ መኪና በእግር ጉዞ ፍጥነት እንዲያልፍ አደረገ። እንዲህ ያለው መንገድ «ቮንኤርፍ» ይባላል፤ ወደ አማርኛ ስንመልሰው «የመኖሪያ ግቢ» እንደ ማለት ነው። ስሙን ያወጡት ኒክ ደ ቡር የተባሉ የከተማ ፕላን ፕሮፌሰር ናቸው። በ1976 አሠራሩ በሕግ ጸደቀ። በር ላይ ኳስ እየተጫወትን ላደግን ለእኛ ሐሳቡ እንግዳ አይደለም። በ1990ዎቹ ደግሞ አገሪቱ አንድ መርህ ተቀበለች፤ ሰው መሳሳቱ ስለማይቀር መንገድ የሚሠራው ስሕተት ሞት እንዳያስከትል ተደርጎ ነው የሚል። ኡትሬክትም ያደረቀችውን ቦይ በ2020 መልሳ ውሃ ሞላችው።

ይህ ሲባል ሆላንድ ገነት ናት ማለት አይደለም። በ2022 በትራፊክ አደጋ 745 ሰው ሞቷል፤ ከነዚህ 291ዱ ብስክሌት ነጂዎች ሲሆኑ፣ ብዙዎቹም አዛውንቶች ናቸው። የኤሌክትሪክ ብስክሌት መበራከት አዲስ ጭንቀት አምጥቷል። ቢሆንም የሕዝቡ ቁጥር ከ17 ሚሊዮን፣ መኪናውም ከ8 ሚሊዮን በላይ ሆኖ ሳለ የሟቹ ቁጥር ከ1971ዱ ሩብ እንኳ አይሞላም። በሃምሳ ዓመት ውስጥ የሕዝቡ ደም አልተለወጠም፤ የተለወጡት መንገዱና መንገዱ የሚወሰንበት መንገድ ናቸው።

ወደ ራሳችን እንመለስ። የአዲስ አበባ ሰው ከግማሽ በላይ ጉዞውን የሚያደርገው በእግሩ ነው። ሆኖም በ2000ዎቹ መጀመሪያ የተሠራው ቀለበት መንገድ ሰፈርን ከሰፈር ቆርጦ፣ እግረኛውን ድልድይ ውጣ አለው። ድልድዩን ትቶ በአጥር ዘሎ ሲሻገር «ሥርዓት የለሽ» አልነው። በ2018 መጨረሻ «መንገድ ለሰው» ሲጀመር ተስፋ ሰጠ። ከ2024 ወዲህ በኮሪደር ልማቱ የብስክሌት መንገድና ሰፊ የእግረኛ መንገድ ተሠርቷል። ይህ በመሐንዲስ ዓይን መልካም ነው። ነገር ግን በፒያሳና በካዛንቺስ ለዘመናት የኖረው ሰው ከሰፈሩ ሲነሣ ምን ያህል ተጠይቆ ነበር? የደልፍትን ቀይ አስፋልት መቅዳት ቀላል ነው፤ አስቸጋሪው ልጇን ያጣች እናት ማዘጋጃ ቤት ገብታ የምትደመጥበትን ሥርዓት መቅዳት ነው። የሆላንዱ መንገድ ሥር የያዘው ከታች ስለተጠየቀ ነው። ሳይጠየቅ ከላይ የተሰጠ መንገድ፣ ሌላ ሹም ሲመጣ ሳይጠየቅ ሊነሣ ይችላል።

ስለዚህ ወገኖቼ፣ በሚቀጥለው ስብሰባችን «የባህል ጉዳይ ነው» የሚለው ድምፅ ሲሰማ፣ እስቲ 1971ን እናስታውሰው። ባህል ነው ካልን እጃችንን አጣጥፈን እንቀመጣለን። ታሪክ ነው ካልን ግን ሰው የሠራውን ሰው ይሠራዋል።

ቸር ይግጠመን።