ብርድና እግር፤ ከጦር ምሽግ እስከ ብስክሌት

ገንዳ ውሃ ላይ ለሚሠራ የጤና ባለሙያ እግርን ከብርድ ስለመጠበቅ ማንሳት ያለ ቦታው የገባ ወሬ ሊመስል ይችላል። የመተማ ቆላ የሚታወቀው በሐሩሩ፣ በወባውና በካላዛሩ ነው። ቋንቋችንም ቢሆን «ክረምት» ሲል ዝናብንና ጭቃን እንጂ የረጋ በረዶን አያስታውስም። ይሁንና ከዚህችው ከተማ ተነስቶ በመተማ ዮሐንስ በኩል ወደ ሱዳን የሚዘልቀው መንገድ ለብዙ ወጣቶች የስደት በር ሆኖ ኖሯል። በረሃውንና ባሕሩን ተሻግረው አውሮፓ ከሚደርሱት ስደተኞች መካከል በብስክሌት ምግብ በማድረስ የሚተዳደሩ አሉ። በውርጭ ወራት ብስክሌት ላይ የሚውል ሰው ደግሞ አስቀድሞ የሚጎዳው በእጁና በእግሩ ጣቶች ነው።

እግርን ከብርድ የመጠበቅ ዕውቀት በአመዛኙ የተገኘው ግን ከብስክሌት ነጂዎች ሳይሆን ከወታደሮች ነው። የተከፈለበትም ዋጋ የብዙ ሺህ ሰው እግር ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1812 የናፖሊዮን ጦር ከሞስኮ ሲያፈገፍግ አብሮ የነበረው የቀዶ ሕክምና ሐኪም ዶሚኒክ ዣን ላሬ፣ የደነዘዘ እግራቸውን እሳት ዳር ያሞቁ ወታደሮች በጋንግሪን ሲጠቁ ተመለከተ። ምልከታው ትክክል ነበር፤ ስሜት የሌለው እግር መቃጠሉን አያውቅምና። ሌሊት በእሳት የፍታታው አካልም በማግስቱ ጉዞ ተመልሶ ይረጋ ነበር። ድምዳሜው ግን የተሳሳተ ነበር። ላሬ የተጎዳው አካል በበረዶ እንዲታሽና በዝግታ እንዲሞቅ መከረ፤ ምክሩም ከመቶ ዓመት በላይ እንደ ሕግ ተይዞ ቆየ።

በአንደኛው የዓለም ጦርነት ሌላ ትምህርት ተገኘ። እ.ኤ.አ. በ1914 መገባደጃ በፈረንሳይና በቤልጂግ ምሽጎች ውስጥ ውሃ ላይ ቆመው የሚያድሩ ወታደሮች እግር፣ ውርጭ ሳይነካው ያብጥ፣ ይደነዝዝና ይበሰብስ ጀመር። በሽታው «የምሽግ እግር» የሚል ስም ተሰጠው። መፍትሔው መድኃኒት ሳይሆን ሥርዓት ሆነ፤ ይኸውም እግርን ማድረቅ፣ ካልሲን በየዕለቱ መለወጥ፣ ጫማን አለማጥበቅ፣ እንዲሁም መኮንኑ የወታደሮቹን እግር እየዞረ እንዲመረምር ማስገደድ ነበር።

ሦስተኛው ትምህርት ከኮሪያ መጣ። እ.ኤ.አ. በ1950–51 የብርድ ወራት ከ4,000 በላይ የአሜሪካ ወታደሮች በውርጭ ተጎዱ። ከምክንያቶቹ አንዱ ራሱ የብርድ ጫማቸው ነበር። ጎማው የእግርን ላብ ወደ ውጭ ስለማያሳልፍ፣ በጉዞ የረጠበው ካልሲ ወታደሩ ሲቆም ይቀዘቅዝ ነበር። በቀጣዩ ዓመት በሁለት የጎማ ንጣፎች መካከል ሱፍ የታሸገበት ቦት ጫማ መሰራጨት ሲጀምር ጉዳቱ ቀነሰ።

የኢትዮጵያ የቃኘው ሻለቃ ከአዲስ አበባ የተነሳው ከዚያ አስከፊ የብርድ ወቅት ማግስት፣ በሚያዝያ 1943 ዓ.ም. ነበር። ከክብር ዘበኛ የተውጣጣው ይህ ጦር በአሜሪካ 7ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር ሥር ሆኖ ሲዋጋ፣ ተኩሱ እስከቆመበት እስከ ሐምሌ 1945 ዓ.ም. ድረስ ሁለት የብርድ ወራትን በኮሪያ ተራሮች አሳለፈ። ከ120 በላይ ወታደሮቹ ሲወድቁ አንድም ሰው አልተማረከበትም። ይህ ጀግንነት ብዙ ተነግሮለታል። የደጋ ብርድ እንጂ የበረዶ ወቅት የማያውቅ ወታደር በዚያ ምሽግ ውስጥ እግሩን መጠበቅ የነበረበት መሆኑ ግን እምብዛም አይነሳም።

ጉዳዩ ለእኛ ተጨማሪ ትርጉም አለው። በዚያው ጦርነት በአሜሪካ ወታደሮች ላይ የተካሄደ ጥናት ጥቁር ወታደሮች ከነጮቹ ይልቅ በውርጭ እንደሚጎዱ አሳይቷል። በኋላ የተደረጉ ጥናቶችም እንዳመለከቱት፣ በብርድ ጊዜ የጣት ደም ስሮች በየመሀሉ ተከፍተው ሙቅ ደም የማሳለፍ ምላሻቸው በአፍሪካ ዝርያዎች ዘንድ ደካማ ነው። በጥቁር ቆዳ ላይ የቀለም ለውጥ ቶሎ ስለማይታይም፣ ባለሙያው ከዓይኑ ይልቅ ስለ መደንዘዝ የሚያቀርበውን ጥያቄ ማመን ይኖርበታል።

የላሬ ስሕተት የታረመው ከኮሪያው ጦርነት በኋላ ነው። በአላስካ ይሠሩ የነበሩት ሐኪም ዊልያም ሚልስ እ.ኤ.አ. በ1960 ባሳተሙት ሥራ፣ የረጋን አካል በሞቀ ውሃ ቶሎ ማሞቅ የተሻለ ውጤት እንደሚሰጥ አሳዩ። ዛሬ የሚመከረው ውሃ ከ37 እስከ 39 ዲግሪ ሴልሺየስ የሞቀ ነው። ማሸትና እሳት ዳር ማሞቅ ክልክል ናቸው። አካሉ ተመልሶ የሚረጋ ከሆነም ማሞቁ መዘግየት አለበት።

ብስክሌት ነጂው የሚገጥመው ችግር ከወታደሩ የተለየ አይደለም። ሙቀት የሚያመነጩት ጡንቻዎች ከጭኑና ከባቱ ናቸው፤ ጣቶቹ በፔዳሉ ላይ ሳይንቀሳቀሱ ይቆያሉ፣ ፍጥነቱ የሚፈጥረው ነፋስም ይመታቸዋል። እ.ኤ.አ. በ1980 በቤልጂግ በበረዶ ውስጥ በተካሄደው የሊዬዥ–ባስቶኝ–ሊዬዥ ውድድር ከ174 ተወዳዳሪዎች የጨረሱት 21 ብቻ ነበሩ። አሸናፊው ቤርናር ኢኖ እንኳ በሁለት የእጁ ጣቶች ላይ ዘላቂ ጉዳት ይዞ ተመለሰ።

ስለዚህ ለመንገደኛው የሚሰጠው ምክር ካልሲ ደርቦ ጫማውን እንዲያጠብቅ አይደለም፤ የተጨናነቀ እግር ደም አያገኝም። ጣቶቹ የሚላወሱበት ሰፋ ያለ ጫማ፣ ደረቅ የሱፍ ካልሲና ነፋስ የሚከላከል ሽፋን ያስፈልገዋል። ገላው ከበረደው ሰውነቱ ደሙን ወደ ልቡ ስለሚሰበስብ ደረቱንና እግሮቹን ጭምር መሸፈን አለበት። ጣቶቹ ሲደነዝዙም ከብስክሌቱ ወርዶ በእግሩ ይሂድ። ሕመሙ ሳይሞቅ በድንገት ከጠፋ ግን ዳነ ማለት እንዳልሆነ ሊነገረው ይገባል።

ይህን ለመናገር በረዶ ማየት አያስፈልግም። መንገዱ በሚጀምርበት ቆላ፣ ለክትባት ወይም ለወባ ምርመራ ከመጣ ወጣት ጋር የሚደረግ የጥቂት ደቂቃ ውይይት ይበቃል።