የእንዶድ ፍሬ ቀንድ አውጣ ገዳዩን ንጥረ ነገር እንዴት ይሠራል?

እንደ ደብረ ሲና ባሉ የደጋና የወይና ደጋ አካባቢዎች የፋብሪካ ሳሙና ከመስፋፋቱ በፊት ነጠላና ጋቢ የሚታጠበው በእንዶድ ነበር። ይኸው ፍሬ የቢልሃርዚያ አስተላላፊ የሆኑ የውኃ ቀንድ አውጣዎችን እንደሚገድል ለዓለም ያሳወቁት ዶክተር አክሊሉ ለማ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1964 በዓድዋ ሴቶች በእንዶድ ልብስ በሚያጥቡበት ወንዝ ቀንድ አውጣዎች ሞተው ማየታቸው የምርምራቸው መነሻ ሆነ። ለሥራቸውም ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር እ.ኤ.አ. በ1989 «አማራጭ ኖቤል» በመባል የሚታወቀውን የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ተቀብለዋል።

ንጥረ ነገሩ በተክሉ ውስጥ እንዴት ይገነባል?

አረፋውን የሚያወጣውም ቀንድ አውጣውን የሚገድለውም ሳፖኒን የተባለ ንጥረ ነገር ነው። ተክሉ ይህን የሚገነባው ኢንዛይም በተባሉ ፕሮቲኖች አማካይነት ሲሆን፣ እያንዳንዱ ኢንዛይም የየራሱ የሥራ ድርሻ አለው። አንዱ 30 የካርቦን አቶሞች ያሉትን ሞለኪውል አጣጥፎ አምስት ቀለበቶች ያሉት አካል ያደርገዋል። ሌላው ኦክስጅን ይጨምርበታል። ቀሪዎቹ በሁለት ወገን ስኳር ያያይዙበታል። ቀለበቶቹ ከቅባት፣ ስኳሮቹ ከውኃ ጋር ስለሚስማሙ ንጥረ ነገሩ እንደ ሳሙና እድፍ ያስለቅቃል።

ይሁን እንጂ ባልተፈጨው ፍሬ ውስጥ ያለው፣ በሁለት ወገን ስኳር የያዘው ሳፖኒን ቀንድ አውጣን የመግደል ኃይሉ ደካማ ነው። ፍሬው ተፈጭቶ ከውኃ ጋር ሲገናኝ ግን በራሱ በፍሬው ውስጥ የሚገኝ ሌላ ኢንዛይም በአንዱ ወገን ያለውን ስኳር ይቆርጠዋል። ገዳዩ ንጥረ ነገር የሚገኘው በዚህ ጊዜ ነው። ከእነዚህም አንዱ ለዶክተር አክሊሉ መታሰቢያ ሌማቶክሲን ተብሏል።

ለተጠቃሚው ምን ትርጉም አለው?

ሙቀት ኢንዛይምን ያበላሻል። በመሆኑም አስቀድሞ የተቀቀለ እንዶድ ኃይሉ ይቀንሳል፤ ደርቆና ተፈጭቶ በቀዝቃዛ ውኃ የተዘፈዘፈው ይሻላል። ፍሬውም ቀልቶ ሳይበስል፣ አድጎ አረንጓዴ ሳለ ቢለቀም ይመረጣል። የእንዶድ ተክል ወንድና ሴት ስላለው ፍሬ የሚሰጠው ሴቴው ብቻ ነው።

እንዶድ ዓሣንም ስለሚገድል ያለ ባለሙያ ምክር ወደ ወንዝ ወይም ወደ ኩሬ መጨመር አይገባም። ለሰውም መርዛማ በመሆኑ አይጠጣም፤ ዓይንንም ይጎዳል። የሚሰብረው የበሽታውን መተላለፊያ ሰንሰለት እንጂ ሕመሙን አይደለም። በቢልሃርዚያ የተያዘ ሰው ጤና ጣቢያ ሄዶ መድኃኒት መውሰድ ይኖርበታል።